የአጥንት ቀዶ ሕክምና ቁስል ማመርቀዝና መከላከያው በጎንደር

ከአጥንት ቀዶ ሕክምና በኋላ የተሰፋው ቦታ በ30 ቀን ውስጥ ካመረቀዘ የቀዶ ሕክምና ኢንፌክሽን ይባላል። ፕሌት፣ ስክሩ ወይም ሌላ ብረት ከገባ ደግሞ ክትትሉ እስከ 90 ቀን ይዘልቃል። ዋናው አምጪ ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ነው፤ በሰው ቆዳና አፍንጫ የሚኖር ባክቴሪያ። ብረት ላይ ሲያርፍ ሙጫ የመሰለ ሽፋን ሠርቶ ይደበቅበታል፤ መድኃኒት እዚያ ሥር እምብዛም አይዘልቅም። ለሳምንታት ክኒን ተውጦም መግሉ ተመልሶ የሚመጣው ለዚህ ነው።

ከደባርቅ ወይም ከመተማ ተነሥቶ ጎንደር ለሚደርስ፣ አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ለወጣ ሰው፣ ትልቁ ነገር ሰዓት ነው። የደም ሥር አንቲባዮቲክ ቢቻል በ1 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ስለዚህ ሪፈር የሚጽፈው ጤና ጣቢያ የመጀመሪያውን መጠንና የቲታነስ መከላከያውን ሰጥቶ፣ ቁስሉን በንጹሕ ጎዝ ሸፍኖ፣ የሰጠበትን ሰዓት ወረቀቱ ላይ ጽፎ ይላክ። ቅቤም ቡናም ቁስሉ ላይ አይደረግ። በወጌሻ አጥብቆ መታሰርም ደም ያቋርጣል፤ የሞተ ሥጋ ደግሞ ለባክቴሪያ ምቹ መኖሪያ ነው። ሆስፒታል ሲደርስ እንደ ቁስሉ ክብደት 3፣ 6 ወይም 9 ሊትር ሳላይን (ንጹሕ የጨው ውሃ) በዝግታ ይፈስበታል። የሞተው ሥጋ ተቆርጦ ካልወጣ ግን እጥበቱ ብቻውን አያድንም።

በኦፕራሲዮን ክፍል ለአዋቂ 2 ግራም ሴፋዞሊን የተባለ አንቲባዮቲክ ቆዳው ከመቀደዱ በፊት ባሉት 60 ደቂቃዎች ውስጥ ይሰጣል፤ እግሩ ደም በሚያቆም ማሰሪያ (ቱርኒኬት) የሚታሰር ከሆነ ከመታሰሩ በፊት፣ አለዚያ መድኃኒቱ ቦታው አይደርስም። ሥራው ከ4 ሰዓት ከበለጠ ይደገማል፤ ከ24 ሰዓት በላይ መቀጠል ግን ጥቅም የለውም። ፀጉር በምላጭ አይላጭ፤ የማይታየው ጭረት የባክቴሪያ መግቢያ ይሆናል። አልኮል ያለበት ክሎርሄክሲዲን (ቆዳን ከጀርም የሚያጸዳ ፈሳሽ) ከተቀባ በኋላ ቢያንስ 3 ደቂቃ ይድረቅ።

ከሁሉ ይልቅ የሚዘነጋው የከተማዋ ከፍታ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ መቀቀል ዕቃን ከጀርም ነጻ አያደርግም። ዕቃን በእንፋሎት ግፊት ከጀርም የሚያጸዳው አውቶክሌቭም ቢሆን በባሕር ጠረፍ 121 ዲግሪ ለመድረስ 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ሲበቃው፣ እዚህ 18 ተኩል ገደማ ይፈልጋል። ስለዚህ የግፊት ጌጁ ብቻ ሳይሆን ቴርሞሜትሩም ይታይ፤ የተጠቀለለ ዕቃ በ121 ዲግሪ 30 ደቂቃ ይቆይ። ጥቅሉ ከተጨናነቀ እንፋሎቱ መሐሉ አይገባም። መሐሉ ክፍት የሆነ የድሪል ምላስ ደግሞ ቀዳዳው በቀጭን ብሩሽ ይጠረግ፤ የደረቀ ደምና የአጥንት ብናኝ ውስጡ ከቀረ ሙቀቱ ሥራውን አይሠራም።

ከኦፕራሲዮን በኋላ ደረቅ ፋሻ ለ48 ሰዓት አይነካ። የስኳር ሕመምተኛ የደም ስኳሩ መጠን ከ200 ሚ.ግ/ዴ.ሊ በታች ይሁን። ከ3ኛው ቀን በኋላ ሕመሙ መቀነስ ሲገባው ከባሰ፣ ቁስሉ ከቀላና ካዠ፣ ታካሚው ወደ ቀዶ ሐኪሙ ይመለስ እንጂ ከፋርማሲ ክኒን ገዝቶ አይጀምር፤ አንቲባዮቲክ ቀድሞ ከገባ ከጥልቁ የተወሰደው ናሙና ካልቸር (ባክቴሪያን አብቅሎ የሚለይ ምርመራ) ላይ ምንም ሳያበቅል ሊቀር ይችላል።