አዲስ ገንዳ እርሾ የለውም፦ የናይትሮጅን ዑደት ምንድን ነው?

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም እንደገባን ለልጆቹ ብዬ 60 ሊትር የሚይዝ የዓሣ ገንዳ ገዛሁ። በዚያው ቀን አራት ጎልድፊሽ ጨመርኩበት (ለ60 ሊትር አራት መብዛቱን ማን ነግሮኝ!)። በሦስተኛው ቀን ውኃው አጓት የተደፋበት መሰለ። ደንግጬ ሁሉንም ደፋሁት፤ ጠጠሩንም የማጣሪያውን ስፖንጅም በቧንቧ ውኃ እያሸሁ አጠብኩ። ውኃው ኩልል አለ። በሳምንቱ ግን ዓሦቹ ላይ ላዩን እየዋኙ አየር ይጎነጩ ጀመር፤ ሁለቱ ሞቱ።

ዓሣ በስንጥቡ አሞኒያ ያወጣል። ኩሱና ተርፎ የሚበሰብሰው ምግብም አሞኒያ ይሆናል። አሞኒያ መርዝ ነው፤ ደግሞ አይታይም፣ ኩልል ባለ ውኃ ውስጥ ይገድላል። ገንዳው ውስጥ የሚገላግሉን ባክቴሪያዎች ናቸው። አንደኛው ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት ይለውጠዋል፣ ሌላው ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት። ናይትራይትም ቢሆን ቀላል አይደለም፦ ደም ውስጥ ገብቶ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል፣ የአየር ፓምፑ እየተንደቀደቀ ዓሣው ይታፈናል። ናይትሬት በንጽጽር የዋህ ነው፤ ውኃውን በየጊዜው በከፊል በመቀየር ይቀነሳል። የናይትሮጅን ዑደት የሚባለው ይኸው ቅብብሎሽ ነው።

ጤፍ ያቦካ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ቡሃቃው ውስጥ እርሾ ካልቀረ ሊጡ በቶሎ አይነሳም። የገንዳው እርሾ ደግሞ ውኃው ውስጥ ሳይሆን ስፖንጁ፣ ጠጠሩና መስታወቱ ላይ ተጣብቆ ነው የሚኖረው። አረባቡም አዝጋሚ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይወስዳል። ያ አጓት የመሰለው ጉም ሌላ ዓይነት፣ በፍጥነት የሚራባ ባክቴሪያ ነበር፤ ብተወው በቀናት ውስጥ በራሱ ይጠራ ነበር። በሦስት ቀን ገና ብዙ እርሾ አልነበረኝም፤ ያለችውንም በቧንቧው ውኃ ክሎሪን ጨረስኳት።

እኛ ሰፈር ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ውኃ በተራ ስለሚመጣ፣ በመጣ ቀን ሮቶ ሞልቶ ባልዲ ሙሉ ወደ ገንዳው መገልበጥ ያምራል። ክሎሪኑ ግን ክፍት ባልዲ ውስጥ አንድ ቀን አድሮ መውጣት አለበት። መብራት ጠፍቶ ማጣሪያው ለሰዓታት ከቆመ፣ ተዘግቶ የተቀመጠው ስፖንጅ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ኦክስጅን ያጥራቸዋል፤ እኔ አውጥቼ ገንዳው ላይ አንሳፍፈዋለሁ። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድም ያዘገያቸዋል። ከፍታውንም አትርሱት፦ ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር በላይ ስለሆንን ውኃችን የሚይዘው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል ያንሳል። ስለዚህ የአየር ፓምፕ እዚህ ቅንጦት አይደለም።

ዓሦቹ መታፈን ከጀመሩ ሩብ ወይም ሲሶውን ውኃ ብቻ ባደረና ሙቀቱ በተቀራረበ ውኃ ቀይሩ፣ አንድ ሁለት ቀን ምግብ ከልክሉ። ስፖንጁ ቢቆሽሽ ከገንዳው በተቀዳ ውኃ ውስጥ ጨመቅ ማድረግ ይበቃዋል። መመርመሪያ ጠብታ ካገኛችሁ ፒኤቹንም (የውኃውን አሲድነት መለኪያ) ለኩ፤ እኩል አሞኒያ እያለ ፒኤች 8 ላይ መርዛማው ክፍል ፒኤች 7 ላይ ካለው ዘጠኝ እጥፍ ያህል ይሆናል። አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ ሆነው ናይትሬት ብቅ ካለ ገንዳው ቦክቷል ማለት ነው።

አቋራጭ አለ፦ እርሾ መበደር። ባለፈው ጎረቤቴ ገንዳ ገዝተው ሲመጡ የድሮ ስፖንጄን በመቀስ ለሁለት ከፍዬ፣ ከነውኃው በላስቲክ አድርጌ ሰጠኋቸው። ደረጃው ላይ ሳይደርሱ ተጣራሁ፦ «እማማ፣ አደራ፣ እንዳያጥቡት!»