«ብርድ ይመታዋል» እና ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች፦ የዴይኬር ልጆች ጫማ

ዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ቤታቸው ውስጥ ዴይኬር ከፍተው ልጅ የሚይዙ ሐበሻ እናቶች ብዙ ነን። ጠዋት በር ላይ ልጅ ስንረከብ ከምግብ ቀጥሎ የሚነሳው ወሬ የጫማ ነው። ደጋግሜ ከምሰማቸው ልጀምር።

«ባዶ እግሩን ከሄደ ብርድ ይመታዋል።»
ይህን አብዝተው የሚሉኝ አያቶች ናቸው። «ልጄ፣ ኧረ ጫማ አድርጊለት!» ይሉኛል። ጉንፋን ግን ከቫይረስ እንጂ ከወለል አይመጣም። የሚተላለፈው በሳል፣ በንፍጥና ባልታጠበ እጅ ነው። ሆኖም ፍርሃታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። አገር ቤት በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት ባዶ እግሩን የሚሄድ ሰው እግሩ የሚያብጥበት በሽታ አለ። ሁክዎርም የሚባለው የአንጀት ትልም በእግር ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። ያ ግን የደጅ አፈር ነው። ተጠርጎ በተወለወለ ወለል ላይ፣ መሄድ ለሚለማመድ ልጅ ከባዶ እግር የተሻለ ጫማ የለም። ጎንበስ ብላችሁ እዩት፤ ሚዛኑን ሲጠብቅ ጣቶቹን ዘርግቶ ወለሉን ይቆነጥጣል። ጠንካራ ሶል ይህን ያሳጣዋል።

«እግሩ ጠፍጣፋ ሆነ፣ ደጋፊ ጫማ ያስፈልገዋል።»
የትንንሽ ልጆች እግር ጠፍጣፋ መምሰሉ የተለመደ ነው። የውስጥ እግር ጉድጓዱ ከዕድሜ ጋር ይወጣል። ካላመመው ተዉት።

«ከበረደ ካልሲ ይበቃል።»
ፓርኬ ላይ ተራ ካልሲ ያንሸራትታል። ከሥሩ የጎማ ነጠብጣብ ያለው ይሁን፤ ነጠብጣቡ ሲያልቅ ይቀየር።

«ሰፋ ያለ ልግዛለት፣ ያድግበታል።»
እናቶቻችን እንዲህ ነው ያሳደጉን፤ ጫማ ውድ ነው፣ ይገባኛል። ግን ሰፊ የቤት ጫማ ያደናቅፋል፣ ደረጃ ላይ ደግሞ ይጥላል። ልጁን አቁሙትና ከረጅሙ ጣቱ ፊት የአውራ ጣታችሁን ወርድ ያህል ክፍተት ፈልጉ። ይበቃል። በየሁለት ሦስት ወሩ ደግሞ ለኩት።

«በር ላይ ጫማ አውልቁ ማለት ማካበድ ነው።»
በዚህ አልደራደርም። አሜሪካ ውስጥ ከ1978 በፊት የተሠሩ ቤቶች ቀለም ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል። ቀለሙ ሲረግፍ ወደ ግቢው አፈር ይገባል። አፈሩን በጫማችን ይዘን እንገባለን፤ የሚድኸው ሕፃን ደግሞ በእጁ ጠርጎ ወደ አፉ ያስገባዋል። ስለዚህ አባትም ሆነ እንግዳ፣ «አሁን እወጣለሁ» ቢልም ያወልቃል።

«የጋራ ሲሊፐር ይኑር።»
አይሆንም። የእግር ፈንገስ ከልጅ ልጅ ይዛመታል። የየራሳቸው ይኑራቸው፣ ስም ይጻፍበት።

«ጫማ ማድረግ ገና አይችልም።»
ይችላል፣ ጊዜ ከሰጣችሁት። አንድ የአንበሳ ፊት ያለበት ስቲከር መሐል ለመሐል ቆርጬ ግማሹን በግራ፣ ግማሹን በቀኝ ጫማ ውስጥ እለጥፋለሁ። አንበሳው ሙሉ ፊት ካወጣ ግራና ቀኙ ልክ ነው። ማሰሪያው የሚጣበቅ ይሁን፣ ክር ይቅር። የደጅ ጫማቸው ሁልጊዜ መውጫው በር አጠገብ፣ በተራ ነው። በየወሩ የእሳት አደጋ ልምምድ ስናደርግ እያንዳንዱ የራሱን አንስቶ ይወጣል። እሳቱ የእውነት ከሆነ ግን ጫማ አንፈልግም፤ እንደቆምን እንወጣለን።