የቀድሞ ሥራውን ስለደበቀ አዲስ ሠራተኛ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አዲስ ሠራተኛ ሥራ ከጀመረ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ቀደም ሲል የሠራበትን አንድ መሥሪያ ቤት ሳይናገር ማለፉ ሲታወቅ፣ የቅርብ ኃላፊውም ሆነ የሰው ሀብት ክፍሉ የመታለል ስሜት ይሰማቸዋል። ስሜቱ ተገቢ ነው፤ ሆኖም በዚያው ስሜት የሚሰጥ ውሳኔ አንዳንዴ ጥሩ ሠራተኛ ያሳጣል፣ አንዳንዴም ድርጅቱን ፍርድ ቤት ያቆማል። በቅጥር ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት ደጋግሜ የሰማኋቸውን አመለካከቶች ከዚህ በታች አነሣለሁ።

አመለካከት፦ «ሲቪ ላይ ያልሰፈረ ሥራ ሁሉ ውሸት ነው።»

እውነታው፦ ሲቪ አመልካቹ ለሚፈልገው ሥራ ይጠቅመኛል ያለውን መርጦ የሚያቀርብበት ጽሑፍ ስለሆነ፣ ያልተጻፈ ሁሉ እንደተደበቀ አይቆጠርም። የቅጥር ማመልከቻ ቅጽ ግን ከዚህ ይለያል። ቅጹ «ላለፉት 10 ዓመታት የሠሩባቸውን ድርጅቶች በሙሉ ይዘርዝሩ» ብሎ ከጠየቀና አመልካቹ «የሰጠሁት መረጃ የተሟላና እውነተኛ ነው» ከሚለው ቃል ሥር ከፈረመ፣ የተዘለለው መሥሪያ ቤት በእርግጥ ተደብቋል። ታኅሣሥ ላይ የለቀቁትን ሥራ እስከ መስከረም እንደሠሩበት አድርጎ መጻፍ ደግሞ ከመዝለልም አልፎ ሐሰት ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የግል ማኅደሩን አውጥቶ፣ ጥያቄው በትክክል ምን ይል እንደነበር ማንበብ ያስፈልጋል። የተጠየቀው «አግባብነት ያለው የሥራ ልምድ» ብቻ ከሆነ ጉድለቱ የቅጹ ነው።

አመለካከት፦ «የደበቀ ሰው ጥፋት አለበት።»

እውነታው፦ አንዳንዱ በእርግጥ አለበት። ሌላው ግን የሚደብቀው ጥቂት ወራት ብቻ ሠርቶ መልቀቁ እንዳያስንቀው፣ ወይም የቀድሞ ደረጃው ከአሁኑ ሥራ ስለሚበልጥ እንዳይታለፍ ፈርቶ ነው። አንዲት የሒሳብ ባለሙያን የሞላችውን ቅጽ ከፊቷ አድርጌ ስለጎደሉት 7 ወራት ስጠይቃት፣ ባዶውን መስመር ለረጅም ጊዜ ስትመለከት ቆይታ «ስሙን ከጻፍኩት ትደውሉላቸዋላችሁ ብዬ ነው» አለችኝ። የለቀቀችው በአለቃዋ ላይ የጾታዊ ትንኮሳ አቤቱታ ካቀረበች በኋላ ነበር፤ የአቤቱታዋንም ቅጂ በማግስቱ ይዛ መጣች። ሌላ ጊዜ ደግሞ በጥሬ ገንዘብ ጉድለት የተሰናበተበትን መሥሪያ ቤት የዘለለ ሰው፣ በገንዘብ ያዥነት ተቀጥሮ አገኘን። በቅጹ ላይ የሁለቱም ባዶ መስመር አንድ ዓይነት ነበር። ልዩነቱ የታወቀው በመጠየቅ ነው፤ የእርሷ ቅጥር ጸና፣ የእርሱ ተቋረጠ።

አመለካከት፦ «በሙከራ ጊዜ ላይ ያለን ሠራተኛ ሳይጠይቁ ማሰናበት ይቻላል።»

እውነታው፦ የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1982 ያወጣው ቁጥር 158 ስምምነት፣ ሠራተኛ ከጠባዩ ወይም ከሥራ አፈጻጸሙ ጋር በተያያዘ ምክንያት ከመሰናበቱ በፊት ለቀረበበት ክስ መልስ የመስጠት ዕድል እንዲያገኝ ይደነግጋል። ይኸው ስምምነት አገሮች የሙከራ ጊዜ ሠራተኞችን ከጥበቃው ውጭ እንዲያደርጉ ስለሚፈቅድ፣ መልሱ እንደየአገሩ ሕግ ይለያያል። እኔ ግን ሕጉ ባያስገድድም መጠየቅ ይገባል ባይ ነኝ፤ ከላይ ያነሣኋት ባለሙያ ሳትጠየቅ ብትሰናበት ኖሮ፣ በደሏን በመናገሯ ለሁለተኛ ጊዜ ትቀጣ ነበር።

አመለካከት፦ «ለቀድሞ መሥሪያ ቤቱ ደውሎ ማጣራት ይበቃል።»

እውነታው፦ ብዙ ድርጅቶች ከሥራ መደቡና ከአገልግሎት ዘመኑ በቀር ምንም አይናገሩም፤ የሚናገሩትም ቂም ይኑራቸው አይኑራቸው በስልክ አይታወቅም። በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ተፈጻሚ የሆነው የመረጃ ጥበቃ ደንብ፣ የግል መረጃን ለመሰብሰብ ሕጋዊ መሠረት እንዲኖር ያስገድዳል። ሠራተኛው ራሱ የሥራ ልምድ ማስረጃውንና የጡረታ መዋጮ መዝገቡን እንዲያቀርብ መጠየቅ የበለጠ ያስተማምናል።

አመለካከት፦ «ውሸቱ ከተገኘ በስንብቱ የሠራነው የእኛ ጥፋት ይሰረዛል።»

እውነታው፦ አይሰረዝም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1995 ማኬነን የተባለች የተሰናበተች ሠራተኛ ባቀረበችው ክስ እንደወሰነው፣ ከስንብት በኋላ የተገኘ የሠራተኛ ጥፋት ሠራተኛው የሚያገኘውን ካሳ ሊቀንስ ይችላል እንጂ በአድልዎ ተሰናብቻለሁ የሚለውን ክሱን ጨርሶ አይዘጋውም።

አመለካከት፦ «ያለው አማራጭ ማሰናበት ወይም ዝም ማለት ነው።»

እውነታው፦ በመካከሉ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ፣ የሥራ መደብ ለውጥ እና ሕጉ በሚፈቅድበት የሙከራ ጊዜን ማራዘም አሉ። ለመምረጥ የሚረዳው የተደበቀው ነገር ከአሁኑ ሥራ ጋር ያለው ግንኙነትና ሠራተኛው ሲጠየቅ የሰጠው መልስ ነው፤ ፊት ለፊት ተጠይቆ እንደገና የዋሸን ሰው እኔ አላስቀረውም። ዝምታ ግን መብትንም ያሳጣል። በጀርመን ፍትሐ ብሔር ሕግ ለምሳሌ፣ በማታለል የተገባን ውል ለመሻር ያለው ጊዜ ማታለሉ ከታወቀበት ቀን አንሥቶ 1 ዓመት ብቻ ነው። ስለዚህ ነገሩ እንደታወቀ ሳይዘገይ ሠራተኛውን ለብቻው ጠርቶ መጠየቅ፣ ጥያቄውንና መልሱን በጽሑፍ አስፍሮ ሁለቱም ወገኖች እንዲፈርሙበት ማድረግ ያስፈልጋል። ቅጥሩ የሚጸና ከሆነም የተስተካከለው ቅጽ ከቀድሞው ጋር አብሮ በማኅደሩ ይቀመጣል እንጂ የቀድሞው አይቀደድም።