ኮከብ በካሜራ ዙም ሲደረግ ለምን ክብ ይሆናል?

በፒያሳ ካፌዎች ከስልክ ስልክ የሚዞር ዓይነት ቪዲዮ አለ። ኮከብ በካሜራ ዙም ይደረግና ትልቅ፣ የሚርገበገብ፣ ቀለሙ የሚለዋወጥ ክብ ሆኖ ይታያል። «እውነተኛው ኮከብ ይሄ ነው፤ ደብቀውን ነው» ይባላል።

አይደለም። ያ ክብ ፎከስ ያላገኘ ብርሃን ነው። መርገብገቡና ቀለሙ የሚመጣው ከአየራችን ነው፤ ሞቃትና ቀዝቃዛ አየር ሲደባለቅ ብርሃኑን ያጣምመዋል። ማታ መስቀል አደባባይ ቆመው በሩቅ የመንገድ መብራት ላይ ካሜራውን ፎከስ ያሳጡት፤ ያው ክብ ይመጣል።

ፎከሱ ሲስተካከል ኮከቡ ነጥብ ይሆናል። በጥሩ ቴሌስኮፕ በጣም ቢያጎሉት ትንሽ ክብና በዙሪያው ስስ ቀለበቶች ይታያሉ። ይሄም የኮከቡ መጠን አይደለም! ብርሃን በቴሌስኮፑ አፍ ሲያልፍ የሚሠራው ቅርጽ ነው፤ እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ጆርጅ ኤሪ እ.ኤ.አ. በ1835 በሂሳብ አሳይቶታል። የቴሌስኮፑ አፍ በሰፋ ቁጥር ክቡ ያንሳል። የኮከቡ ገላ ቢሆን ኖሮ ምን አሳነሰው?

በፎቶዎች ላይ ከኮከብ ሲወጡ የምናያቸው ጨረሮችም ከመሣሪያው ናቸው። ጠፈር ላይ ባሉት ቴሌስኮፖች፣ በሀብል አራት፣ በጄምስ ዌብ ስድስት ትልልቅና ሁለት ትንንሽ።

ከፀሐይ ሌላ የኮከብ ገላ ታይቶ አያውቅም ማለት ግን አይደለም። ሀብል እ.ኤ.አ. በ1995 ቤተልጉዝ የተባለውን ኮከብ አንስቷል፤ ግዙፍ ስለሆነ ነው የተሳካው። የእንጦጦዎቹ ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች እሱንም በነጥብነት ነው የሚያዩት።