ተደብቆ የሚነሳው ፎቶ፦ ድንገተኛ የጋብቻ ጥያቄን መቅረጽ

አንድ ሰው ፍቅረኛውን «ታገቢኛለሽ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ እሷ ምንም ሳታውቅ ከሩቅ የሚነሳ ፎቶ አለ። በከተማው አነጋገር «ፕሮፖዝ ሲያደርግ መቅረጽ» ይባላል። ከሠርግ ፎቶ ጋር ዘመድ ነው፤ ጠባዩ ግን ለየቅል ነው። ሠርግ ላይ ፎቶ አንሺው «ቀና በሉ፣ ፈገግ በሉ» ይላል። ቀለበት ሲጠልቅ ካመለጠው እንኳ «እስቲ አንዴ ድገሙልኝ» ማለት ይችላል። እዚህ መድገም የለም። የደነገጠ ፊት ሁለተኛ ጊዜ ሲደነግጥ ትወና ይሆናል።

ለአጻጻፍ እንዲቀል ጠያቂውን ወንድ፣ ተጠያቂዋን ሴት አድርገን እንሂድ። ሴትም ትጠይቃለች፤ ሥራው ያው ነው። («ተጠያቂ» ሲባል ጥፋት ያጠፋች ትመስላለች፤ ሌላ ቃል ግን አልመጣልኝም።)

እንዲህ ያለ ፎቶ ድሮ የሚታሰብ አልነበረም። የፈረንሳዊው ሉዊ ዳጌር የፎቶ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1839 ይፋ ሲሆን አንድ ምስል ለማግኘት ደቂቃዎች ይፈጅ ነበር። ያን ያህል ተንበርክኮ መቆየት ይቻል ይሆናል፤ ያን ያህል ደንግጦ መቆየት ግን አይቻልም። በ1925 ገበያ ላይ የወጣችው ላይካን የመሰሉ ትንንሽ ካሜራዎች ሳይታወቁ ማንሳትን አቀለሉ። ነገሩ ለብቻው የሚከፈልበት ሥራ እየሆነ የመጣው ደግሞ ሁሉም ሰው ፎቶውን በማኅበራዊ ሚዲያ መለጠፍ ሲጀምር ነው። ኢንስታግራም የተጀመረው በ2010 ነው።

ከሥራው አብዛኛው ካሜራ ሳይነካ ያልቃል። ፎቶ አንሺውና ጠያቂው ለቀናት አብረው ሲዶልቱ ይሰነብታሉ። መጀመሪያ ቦታ ይመረጣል። «መናፈሻው ውስጥ እንገናኝ» ማለት አይበቃም። «ከሁለተኛው አግዳሚ ወንበር ፊት ለፊት፣ ውኃውን በስተቀኝ አድርገህ ቁም» የሚል መመሪያ ያስፈልጋል። ብልህ ፎቶ አንሺ ቦታውን ቀድሞ ፎቶ አንስቶ፣ መቆሚያውን ምልክት አድርጎበት ይልካል። ጠያቂውም የፎቶ አንሺውን ቁጥር በሌላ ስም ይመዘግባል፤ መልእክቱ ተቆልፎ በተቀመጠው ስልክ ስክሪን ላይ እንዳይታይም ያጠፋዋል። ስንቱ ሰርፕራይዝ የከሸፈው ጠረጴዛ ላይ በተቀመጠ ስልክ ነው!

ቀጥሎ ምልክት ይቀጠራል። ጠያቂው ኮፍያውን ሲያወልቅ ወይም ጆሮውን ሲያክ «አሁን ነው» ማለት ይሆናል። ይህ ሲታይ ቀላል ነው። ልቡ እየደለቀ ያለ ሰው ግን ምልክቱን ይረሳዋል፣ ወይም ሳያስበው አስር ጊዜ ጆሮውን ያካል። ስለዚህ ምልክት ተቀጥሮም ቢሆን ዓይንን ከእጁ አለመንቀል ይሻላል። እጅ ወደ ኪስ ከገባ ነገሩ ተጀምሯል።

የአቋቋሙ ጉዳይ ብዙ ፎቶ ያበላሻል። ሁለቱ ፊት ለፊት ሲቆሙ ካሜራው ከጎናቸው ሆኖ የሁለቱንም ፊት ማየት አለበት። ጠያቂው ሲንበረከክ መሬት የሚነካው በካሜራው በኩል ያለው ጉልበት ይሁን። ያ ጉልበት ወደ ላይ ከቆመ ደረቱንም ሳጥኑንም ይጋርዳል። የቀለበቱን ሳጥን ደግሞ ክዳኑ ወዴት እንደሚከፈት ቤት ውስጥ መለማመድ ነው። ሳጥኑን ገልብጦ ወደ ራሱ የከፈተ ጠያቂ ያጋጥማል፤ እሷ የምታየው የክዳኑን ጀርባ ነው። ኪስ ውስጥ ጉብ ብሎ የሚታይ ሳጥንም ገና ከቤት ሲወጡ ምስጢሩን ያወጣል።

ፎቶ አንሺው ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድሞ ይደርሳል። ዛፍ የሚያነሳ ጎብኚ ይመስላል፣ ወይም ጓደኛውን ይዞ መጥቶ እሱን ያነሳ ያስመስላል። መደበቅ ከቁጥቋጦ ጀርባ መሹለክ ብቻ ሊመስል ይችላል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ግን በግልጽ ቆሞ ሌላ ነገር ማንሳቱ ይበልጣል። ቁጥቋጦ ውስጥ ረጅም ሌንስ ይዞ የተቀመጠ ሰው የጥበቃውን ዓይን ከሁሉ በፊት ይስባል።

ወደ ካሜራው ስንመጣ፣ የብዙዎች ምርጫ ከ70 እስከ 200 ሚሊ ሜትር የሚሄደው ዙም ሌንስ ነው። በፉል ፍሬም ካሜራ (ትልቅ የምስል መቀበያ ባለው)፣ 200 ላይ ተደርጎ ከ20 ሜትር ሲነሳ 3.6 ሜትር ያህል ስፋት ይይዛል፤ ለሁለት ሰው በቂ ነው። ወደ 10 ሜትር ቀርቦ፣ የሌንሱ ቀዳዳ በሰፊው ተከፍቶ (በኤፍ 2.8) ሲነሳ ግን ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። አንዱ ከሌላው ትንሽ ከራቀ ይደበዝዛል። ከጎን መቆም ለዚህም ይጠቅማል፤ ሁለቱም ከሌንሱ እኩል ይርቃሉ። ሻተሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባውን መዝጊያ፣ በ1/500 ሰከንድ ወይም ከዚያ በፈጠነ ፍጥነት ማድረግ፣ ተከታታይ ፍሬም በሚያነሳው ሞድ ላይ መጫን፣ ፍላሹን፣ የፎከሱን «ጢጥ» እና ቀዩን የፎከስ መብራት ማጥፋት የተለመደ ነው። ሚረርለስ (ውስጣቸው መስታወት የሌለባቸው) ካሜራዎች በኤሌክትሮኒክ ሻተር ድምፅ ሳያሰሙ ያነሳሉ። ጣጣው ቤት ውስጥ ነው፤ አንዳንድ አምፖል ሥር ፎቶው ላይ መስመር መስመር ይወጣል።

በስልክ የሚያነሳ ጓደኛም ከሩቅ ዙም ከሚያደርግ ቀረብ ብሎ ከፍተኛ ጥራት ባለው የ4ኬ ቪዲዮ ቢቀርጽ ይሻለዋል። ከቪዲዮው የሚወጣ አንድ ፍሬም 8 ሜጋፒክስል ገደማ ነው፤ ለማሳተም አያንስም። ድሮን የሚያመጡም አሉ። ከላይ እንደ ንብ እየጮኸ ሰርፕራይዝ እንዴት እንደሚሆን አይገባኝም፤ ብዙ ቦታም ያለ ፈቃድ አይበርም።

ሰዓቱ ሲደርስ ሁሉም ነገር በሰከንዶች ያልቃል። ጀማሪ ፎቶ አንሺ ሌንሱን ተንበርካኪው ላይ ተክሎ ይቀራል። ታሪኩ ግን ያለው ከላይ ነው፣ እሷ ፊት ላይ። መጀመሪያ ግር ይላታል። ጫማውን የሚያስር ይመስላታል። ከዚያ ሁለት እጇ አፏ ላይ ይወጣል፣ ፊቷም ይሸፈናል። እዚህ ላይ ጣትን ከሻተሩ ማንሳት ትልቁ ስህተት ነው። እጇ ሲወርድ የሚታየው ሳቅና ለቅሶ የተቀላቀለበት ፊት ነው፤ ጠያቂው ራሱ በዚያች ሰዓት እንባ ስላቀረረ በደንብ የማያየው። እቅፉ ሲመጣም ከሁለት አንዱ ጀርባውን ይሰጣል፤ ፎቶ አንሺው በቀስታ ዞሮ የእሷን ፊት ይፈልጋል።

«እሺ» ካለች በኋላ ትንሽ መተው ጥሩ ነው። ቢያንስ ለራሳቸው የሚሆን ደቂቃ ይኑራቸው። ከዚያ ፎቶ አንሺው ቀርቦ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ይላል፣ ማንነቱንም ይናገራል። ሁለተኛው ድንጋጤ ይሄኔ ነው። ብርሃን ካለ ሃያ፣ ሠላሳ ደቂቃ ያህል አብረው ይዞራሉ፤ የቀለበቱ ፎቶ፣ የሁለቱ ፎቶ ያኔ ይነሳል። ብዙዎች ጀንበር ልትጠልቅ ስትል የሚቀጥሩት ብርሃኑ ስለሚለሰልስ ነው። ያ ብርሃን ግን አይጠብቅም። ጥንዶቹ ግማሽ ሰዓት ካረፈዱ ፎቶው ጨለማ ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ ቀጠሮው ላይ መጠባበቂያ ጊዜ መጨመር ግድ ነው።

የፈቃድ ነገርም አለ። አንዳንድ መናፈሻና ሙዚየም ለገንዘብ የሚነሳ ፎቶን ያለ ፈቃድ አያስነሳም። በብዙ አገሮች ሕግ የፎቶው ባለመብት፣ በውል ካልተለወጠ በስተቀር፣ ያነሳው ሰው ነው። ውሉን የፈረመው ግን ጠያቂው ብቻ ነው። እሷ ስትቀረጽ አታውቅም ነበር። ስለዚህ ሥራውን የሚያከብር ፎቶ አንሺ ምስሏን ከመለጠፉ በፊት እሷንም ይጠይቃል፤ ቤተሰቧ ከስልክ ላይ ቀድሞ እንዳያየው።

«አይሆንም» የምትልበት ጊዜም አለ። ይህን አስቀድሞ መነጋገር ደስ አይልም፤ ሆኖም መነጋገር ያስፈልጋል። የተለመደው ካሜራውን ዝቅ አድርጎ፣ ሳይጠጉና ሳይተዋወቁ፣ ዛፍ ሲያነሳ እንደቆየ ጎብኚ መሄድ ነው። ፎቶዎቹ ለጠያቂው ይላኩ ወይስ ይጥፉ የሚለው ከቀናት በኋላ፣ እሱ ራሱ ሲደውል ይነሳል።