«ጀጎልን ያየ ዛንዚባርን አየ» እና ሌሎች ያደከሙኝ አባባሎች

ተወልጄ ያደግኩት ሐረር፣ ጀጎል ግንብ ውስጥ ነው። አሁን ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ለመንገደኞች ትኬት እቆርጣለሁ። ሳምንት ሳይሞላ ከደንበኞቼ የምሰማት አንዲት ንግግር አለች። «አቦ፣ እኛ ጀጎል አለን! ጠባብ መንገድ ለማየት ነው ዛንዚባር ድረስ ዶላር የማወጣው?» ከዚያ ስቶን ታውንን፣ የዛንዚባርን አሮጌ ከተማ፣ ከታክሲ መስኮት አይተው በቀጥታ ወደ ባሕሩ ዳርቻ። ያናድደኛል።

እርግጥ ሁለቱም የዩኔስኮ ቅርስ ናቸው፤ ስቶን ታውን በ2000፣ ጀጎል በ2006 እ.ኤ.አ. ተመዘገቡ። ሁለቱም ጋ አዛን ይሰማል፣ ሁለቱም ጋ መንገድ ይጠፋል። ግን የሐረር ቤት ውበቱን ውስጡ ነው የሚይዘው። ከውጭ ግንብ ብቻ ነው የምታዩት። ጫማችሁን አውልቃችሁ ስትገቡ ነው አምስቱ መደብና ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ስፌት የሚታየው። የዛንዚባር ነጋዴ ግን ሀብቱን በሩ ላይ አወጣው። በሩ ከባድ እንጨት ነው፤ ጠርዙ በአበባ ቅርጽ ተፈልፍሎ፣ ከህንድ በመጣ ልማድ ሹል የናስ ጉብታ ይተከልበታል። መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ አንዱ በር ፊት ቆሜ ቀረሁ። ናሱ እጅ በሚደርስበት በኩል ያበራል፣ ከላይ ጠቁሯል። ስዳስሰው የቤቱ ባለቤት፣ ሽማግሌ ሰው፣ ወጡና ደጃፉ ላይ ካለው የድንጋይ መደብ አስቀመጡኝ። ባራዛ ይሉታል። ሰፈርተኛው እዚያ ተቀምጦ ይጫወታል። እኛ መደቡን ቤት ውስጥ አስገባነው፤ እነሱ ደጅ አወጡት። ይህን ከማንም ቀድሞ ማስተዋል የሚችለው የሐረር ልጅ ነው፤ እሱ ነው «ምን ልሠራ?» ብሎ የሚቀረው!

የባሪያ ገበያው የነበረበት ቦታም እዚያው ነው። በ1873 እ.ኤ.አ. ተዘጋ፤ አሁን የአንግሊካን ካቴድራል ቆሞበታል። እባካችሁ እዚህ ሳትደርሱ አትመለሱ።

ሌሎቹ አባባሎች ደግሞ እነሆ። «ቢጫ ካርዱ በ10 ዓመት ይቃጠላል።» ድሮ ነበር። ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ካርዱ ላይ የሚመዘገበው የቢጫ ወባ ክትባት ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። አዲስ ተከታቢ ግን ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ ይከተብ።

«ቪዛና ትኬት ካለኝ በቃ።» አይበቃም። ከኦክቶበር 2024 ጀምሮ ዛንዚባር የራሷን የመንገደኛ ኢንሹራንስ ታስከፍላለች፤ ለአዋቂ 44 ዶላር። ሌላ ቦታ የገዛችሁት አይተካውም።

«ፕሪዝን አይላንድ እስረኞች ያለቁበት ነው።» ስቶን ታውን አጠገብ ያለች ትንሽ ደሴት ናት፤ ሕንጻው ለእስር ቤት ቢሠራም እስረኛ አልገባበትም። የቢጫ ወባ ኳራንቲን ሆነ። ትልልቆቹን ኤሊዎች ለማየት ሂዱ።

«ታሪካዊ ቦታ ሁሌ ክፍት ነው።» ኢስታንቡል ቶፕካፒ ቤተ መንግሥት ማክሰኞ ዝግ ነው፣ ግራንድ ባዛር እሑድ። አንድ ደንበኛዬ ትራንዚት ላይ የነበረው ብቸኛ ቀን ማክሰኞ ነበር። ቶፕካፒን ከበሩ ተመለሰ።

«ውጭ አገር ሁሉም በፈረንጅ ሰዓት ነው።» ዛንዚባር ውስጥ በስዋሂሊ ቋንቋ ሰዓት የሚቆጠረው ልክ እንደ እኛ ነው። ጠዋት «ሳ ምቢሊ» ካሏችሁ የእኛው ሁለት ሰዓት ነው። አንዷ ደንበኛዬ ከሹፌሩ ጋር ለሁለት ሰዓት ተቀጣጠረች። የፈረንጅ መስሏት ከምሳ በኋላ ወጣች። ሹፌሩ ጠዋት መጥቶ፣ ጠብቆ ሄዷል። የጀልባ ትኬት ላይ የሚታተመው ግን የፈረንጁ ነው፤ 07:00 ካለ የእኛ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው። በቃል ስትቀጣጠሩ «ጠዋት ነው ከሰዓት?» ብላችሁ አረጋግጡ።

«ደሴት ከሆነ ቀኑን ሙሉ መዋኘት ነው።» ባለፈው ሙሽሮች የዛንዚባርን ምሥራቅ ዳርቻ ይዤላቸው ሄዱ። በማግስቱ ደወሉ፤ «ባሕሩ ሄደብን!» እውነታቸውን ነው። በዚያ በኩል ውሃው በቀን ሁለቴ እጅግ ርቆ ይሸሻል፤ አሸዋና ድንጋይ ብቻ ይቀራል። ሰዓቱም በየቀኑ 50 ደቂቃ ገደማ ይዘገያል። ቀኑን ሙሉ መዋኘት የፈለገ ሰሜን፣ ኑንግዊ በኩል ይያዝ። ምሥራቅ ያረፈ ሰው ማታ ማታ ሆቴሉን የነገውን ሰዓት ይጠይቅ። ውሃው ሲሸሽ መኪና ይያዝ፤ ምሥራቅ ካለችው ፓጄ እስከ ስቶን ታውን አንድ ሰዓት ገደማ ነው።