«ሯጭ ስለሆነ ዜግነት ሰጡት» ለምትሉ

ሰሞኑን ደግሞ ሰማሁት። እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ካፌ ቁጭ ብለን ስለ አሜሪካ ዜግነት ስናወራ አንዱ «ለመብማ የሰጡት ሯጭ ስለሆነ ነው፣ እኛን ማን ያየናል» አለ። ለሰው የዜግነት ፎርም ስሞላና ሳስተረጉም ዓመታት አልፈዋል፤ ይሄን ንግግር ግን እስካሁን አልለመድኩትም። ውሸት መሆኑ አንድ ነገር ነው። የባሰው ግን ሰዉ የራሱን ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ለመተው ሰበብ ማድረጉ ነው።

መብ የሚሉት መብራህቶም ክፍለዝጊን ነው። በ2004 (በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) አቴንስ ላይ በማራቶን ለአሜሪካ የብር ሜዳሊያ ያመጣው።

ሰውዬው አሜሪካ ሲገባ ሯጭ አልነበረም። የ12 ዓመት ልጅ ነበር! በ1975 አስመራ ተወለደ። አባቱ በ1981 ከጦርነቱ ሸሽተው በእግራቸው ወደ ሱዳን ወጡ፣ ከዚያ ጣሊያን ተሻገሩ። ቤተሰቡ ሚላን ላይ የተገናኘው በ1986 ነው። በቀጣዩ ዓመት ሳን ዲዬጎ ገቡ። 7ኛ ክፍል ሆኖ በስፖርት ክፍለ ጊዜ አንድ ማይል ሩጡ ሲባሉ በ5 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ጨረሰ፤ ሩጫ የሚባል ነገር የመጣው እዚያ ጋ ነው። ዜጋ የሆነው በ1998፣ በ23 ዓመቱ፣ ዩሲኤልኤ የሚባለውን የሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲ በጨረሰበት ዓመት ነው። እርግጥ ያኔ የዩኒቨርሲቲዎች ሻምፒዮን ሆኗል። ግን ሕጉ በግሪን ካርድ አምስት ዓመት ነው የሚጠይቀው፣ እሱ አሜሪካ የቆየው የዚያን እጥፍ ነው። ሜዳሊያውማ የመጣው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው።

«ኢትዮጵያዊ ነው» የሚሉም አሉ። ኤርትራዊ ነው። ሲወለድ አስመራ በኢትዮጵያ ሥር ስለነበረች ነው ሰው የሚያምታታው።

«በወረቀት እንጂ አሜሪካዊ አይደለም» የሚለው ደግሞ ከእኛ ሰው ብቻ የሚመጣ አይደለም። በ2009 የኒው ዮርክ ማራቶንን ሲያሸንፍ አንድ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ እንዲህ ዓይነት ነገር ጽፎ በኋላ ይቅርታ ጠይቋል። በመሐላ ዜጋ ለሆነ ሰው በሕግ የተዘጋው ወንበር የፕሬዚዳንትና የምክትሉ ብቻ ነው። መብ በ2014 የቦስተን ማራቶንን 39 ሊሞላው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሮጠ። ደረቱ ላይ የለጠፈው ቁጥር ማዕዘኖች ላይ በ2013 እዚያው ማራቶን ላይ ከደረሰው የቦምብ ጥቃት ጋር ተያይዞ የሞቱትን የአራት ሰዎች ስም በማርከር ጽፎ ነበር። በ2:08:37 አሸነፈ፤ ቦስተንን አሜሪካዊ ወንድ ካሸነፈ 31 ዓመት ሆኖ ነበር።

አሁን ወደሚያቃጥለኝ ልምጣ። «እንግሊዝኛ ካልቻልክ አይሆንም»። ስንቱ እናትና አባት በዚህ ወሬ ቤት ቀርቷል መሰላችሁ! ስታመለክቱ 50 ዓመት ከሞላችሁና ግሪን ካርድ ይዛችሁ 20 ዓመት ከኖራችሁ፣ ወይም 55 ሞልቷችሁ 15 ዓመት ከኖራችሁ፣ የእንግሊዝኛው ፈተና ይቀርላችኋል። የታሪኩንና የመንግሥቱን ጥያቄ በአማርኛ፣ በአስተርጓሚ ትመልሳላችሁ። 65 ሞልቶት 20 ዓመት የኖረ ሰው የሚያጠናው የጥያቄ ዝርዝርም አጭር ነው።

አንዲት እናት 17 ዓመት ግሪን ካርድ ይዘው፣ ዕድሜያቸው ስድሳን አልፎ፣ «ልጄ፣ እኔ ኤቢሲዲ አላውቅም» እያሉ ሲፈሩ ቆዩ። ፎርሙን አብረን ሞላን። ጥያቄዎቹን ልጃቸው በአማርኛ ስልካቸው ላይ ቀዳላቸው፣ ሽሮ እያማሰሉ ሰሙት። የኢንተርቪው ቀን አጠገባቸው ነበርኩ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ማን ነበር ሲባሉ እኔ ወደ አማርኛ ሳልመልሰው «ዋሽንግተን!» አሉ፤ ጠያቂዋ ሳቀች።

በስደተኝነት ከገባችሁ ደግሞ አምስቱ ዓመት የሚቆጠረው ካርዱ በእጃችሁ ከገባበት ቀን ሳይሆን አሜሪካ ከገባችሁበት ነው። ጥገኝነት እዚሁ ጠይቃችሁ ያገኛችሁ ከሆነ ግሪን ካርዱ ከጸደቀበት አንድ ዓመት ወደኋላ ይያዝላችኋል። ይሄን ባለማወቅ ያለፈ ጊዜ ብዙ ነው። ዛሬ ማታ ካርዳችሁን አውጡና «ረዚደንት ሲንስ» (Resident Since፣ ነዋሪ የሆናችሁበት ቀን) ከሚለው ሥር ያለውን ቀን እዩት፤ ወደኋላ የተያዘላችሁም ቀን የሚጻፈው እዚያው ነው። ከዚያ ቀን አምስት ዓመት ቁጠሩ፣ 90 ቀን ቀንሱ። ማመልከቻው ከዚያ ጀምሮ መግባት ይችላል።